የአሜሪካ ጦር ሪዘርቭ (ተጠባባቂ ጦር) መልማዩ አገልግሎት፦ ከ5 ኮከብ 3

ለዕረፍት ደሴ መጥቼ ሰኞ ገበያ እናቴ ቤት ነኝ። ዲቪ የደረሰው ያጎቴ ልጅ "እዚያ እንደገባሁ ሪዘርቭ ተመዝግቤ ሕክምና ነው የምይዘው" እያለ ጠዋት ማታ ያደርቀኛል። እኔም እንደሱ ብዬ ነበር።

አሜሪካ የተቀበለኝ መልማይ ሲበዛ ሰው አክባሪ ነው። ወንበር ስቦ፣ ውሃ አቅርቦ "ምን መሆን ትፈልጋለህ?" አለኝ። 68ደብሊው አልኩት፤ የጦር ሜዳ ሕክምና ማለት ነው። "ችግር የለም" አለኝ። ነበረው እንጂ! አስቫብ በሚሉት ፈተና ሠራዊቱ ውስጥ ለመግባት 31 ይበቃል፤ ለ68ደብሊው ግን ከዚያው ፈተና የሚወጣው ጂቲ የሚባለው ውጤት 107፣ ኤስቲ ደግሞ 101 መሆን አለበት። ይህን የሰማሁት ከተፈተንኩ በኋላ ነው። ሒሳቡን እንደምንም ተወጣሁት፤ የእንግሊዝኛ ቃላቱ ናቸው የጣሉኝ።

ሌላም ያልነገረኝ አለ። ሪዘርቭ ላይ ሙያ እንደ ምግብ ቤት ሜኑ አይመረጥም። በወር አንድ ቅዳሜና እሑድ የምትሰለጥነው በአቅራቢያህ ካለው ክፍል ጋር ስለሆነ፣ እዚያ ክፍት ቦታ ያለውን ነው የምትወስደው። ግሪን ካርድ ይዘህ ደግሞ የምስጢር ፈቃድ የሚጠይቁትን እርሳቸው፤ ዜግነት ይፈልጋሉ።

አንድ ኮከብ የጨመርኩለት ከዚያ በኋላ ላደረገው ነው። ኮምፒውተሩን ወደኔ አዙሮ የቀሩትን ቦታዎች አንድ በአንድ አሳየኝ። 88ኤም ላይ፣ የከባድ መኪና ሾፌርነቱ ላይ ማለት ነው፣ ስንደርስ "ከባድ መኪና ታውቃለህ?" አለኝ። መንዳቱን አላውቅም፤ ግን ኮምቦልቻ ረዳት ሆኜ ሐረጎን ስንት ጊዜ ወርጃለሁ! ሾፌሩ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ይቀንሳል፣ እኔ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ታኮዬን ታቅፌ፣ የፍሬኑን ሽታ እያሸተትኩ። ከ10 ሳምንቱ መሠረታዊ ሥልጠና በኋላ ሚዙሪ፣ ፎርት ሌናርድ ዉድ 7 ሳምንት ስማር፣ አስተማሪው "ማርሹን ከቁልቁለቱ በፊት!" ብሎ ሲጮህ ሳቄ መጣ።

ሙያው ውጭም ይሠራል። ሠራዊቱ ውስጥ ከባድ መኪና 2 ዓመት የነዳ ሰው የሲቪሉን መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ የመንዳት ፈተናው የሚቀርበት አሠራር አለ። እኔ አሁን እንጀራዬ እሱ ነው።

ሁለቱን ኮከብ ያስቀነሰው ቦነስ ነው። በቃል ነግሮኝ ነበር፤ የ8 ዓመቱን ውል ሳገላብጥ የለም። ስጠይቀው "እሱ ለሌላ ሙያ ነው" አለኝ። አብሽር ብዬ ፈረምኩ። ያጎቴን ልጅ ግን ሙያህም ገንዘብህም ወረቀቱ ላይ ካልሰፈረ እንዳትፈርም ብዬዋለሁ፤ የቃላት መለማመጃም ፒያሳ ወርጄ አሳትሜለታለሁ።

እናቴ ግን እስካሁን ለጎረቤቶቿ "ልጄ የጦር ሐኪም ነው" ነው የምትለው። ትናንት አንዷ የደም ግፊቷን እንድለካላት መጥታ ነበር።