ኤክስቴንሽን በሰርጅ ፕሮቴክተር ዋጋ እንዳትገዙ

ለቲቪ፣ ለኮምፒውተር ወይም ለፍሪጅ ሰርጅ ፕሮቴክተር (ዕቃን ከድንገተኛ የቮልቴጅ ጭማሪ የሚከላከል ማከፋፈያ) ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። በዚህ ስም ከሚሸጡት ዕቃዎች መካከል ተራ ኤክስቴንሽን የሆኑ አሉ። ሶኬት አላቸው፣ ማብሪያ ማጥፊያ አላቸው፣ ቀይ መብራትም ይበራላቸዋል። መከላከያ ግን የላቸውም። ካርቶናቸው ላይ የመብረቅ ሥዕል ስላለ ሰው ከተራው ኤክስቴንሽን በላይ ከፍሎ ይወስዳቸዋል።

የሚያናድደኝ በከንቱ የወጣው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ሰው «ተከላከልኩ» ብሎ ውድ ዕቃውን እዚያ ላይ ሰክቶ ይረሳዋል። መከላከያ እንደሌለው ቢያውቅ ኖሮ ኃይሉ ሲዋዥቅ ተነስቶ ይነቅል ነበር።

ከእነዚህ ውስጥ የተበላሸ አንዱን ፈትቼ አይቼዋለሁ። ውስጡ ሶኬቶቹን የሚያገናኙ የብረት ዘንጎች፣ ማብሪያው፣ ከመብራቷ ጋር የተያያዘች ትንሽ ሬዚስተር ነበሩ። ሌላ ምንም የለም። ከላዩ ላይ ግን «ሰርጅ ፕሮቴክተር» ይላል።

እውነተኛው ውስጡ ቫሪስተር የሚባል ነገር አለው። ጠፍጣፋ ክብ፣ ሁለት እግር ያለው፣ በአብዛኛው ከዚንክ ኦክሳይድ የሚሠራ ትንሽ ዕቃ ነው። ቮልቴጁ ልክ ሲሆን ዝም ብሎ ይቀመጣል። ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ግን በቅጽበት መንገድ ይከፍትና ትርፉን ወደ ኒውትራል (መመለሻው) ወይም ወደ ኤርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው) ሽቦ ያሳልፈዋል። ዕቃችሁ ጋ የሚደርሰው የተቀነሰው ነው። ጥሩዎቹ ኃይል በሚያመጣው ሽቦ (በፌዝ) እና በኒውትራል፣ በፌዝና በኤርዝ፣ በኒውትራልና በኤርዝ መካከል ሁሉ ቫሪስተር አላቸው። ርካሾቹ አንድ ቦታ ብቻ ነው ያላቸው። ቤታችሁ ኤርዝ ከሌለው ደግሞ ጥሩውም ቢሆን የሥራውን ግማሽ አይሠራም። ስለዚህ መጀመሪያ ሶኬታችሁ እውነተኛ ኤርዝ እንዳለው ኤሌክትሪሺያን አስፈትሹ። ሦስት ቀዳዳ ያለው ሶኬት ሁሉ ኤርዝ አለው ማለት አይደለም።

ካርቶኑ ላይ መፈለግ ያለባችሁ ቁጥሮች አሉ። አንዱ ጁል ነው። ቫሪስተሩ እስኪያልቅ ድረስ ምን ያህል ኃይል መዋጥ እንደሚችል ይናገራል። ጥቂት መቶ ብቻ ከሆነ ለትንሽ ዕቃ እንጂ ለቲቪና ለኮምፒውተር አልመክርም፤ እኔ ከ1000 በላይ የሆነውን እመርጣለሁ። ሌላው ወደ ዕቃችሁ የሚያሳልፈው ቮልቴጅ ነው፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። በ120 ቮልት አገር በሚሸጡት ላይ 330፣ 400 ወይም 500 ቮልት ተብሎ ይጻፋል። ከ220 እስከ 240 ቮልት ለሚሠሩት ብዙ ጊዜ በኪሎቮልት ነው የሚጻፈው፤ 1.5 ወይም ከዚያ በታች የሆነውን ፈልጉ። ዩኤል 1449 (የአሜሪካ) ወይም አይኢሲ 61643-11 (ዓለም አቀፍ) የሚል የሰርጅ መከላከያ ደረጃም ካለበት ጥሩ ምልክት ነው። ማኅተም ግን በሐሰትም ይታተማልና ብቻውን አትመኑት። ከእነዚህ አንድም ቁጥር ሳይኖር «10 አምፒር፣ 250 ቮልት» ብቻ ካለ፣ በእጃችሁ ያለው ኤክስቴንሽን ነው።

አንድ አደገኛ ነገር ልጨምር። ለ120 ቮልት የተሠራውን በ220 ቮልት ቤት እንዳትሰኩ። ቫሪስተሩ መደበኛውን ኃይል ራሱ እንደ አደጋ ቆጥሮ ማሳለፍ ይጀምራል። ይግላል፣ ሊቃጠልም ይችላል። «ከውጭ የመጣ ነው፣ ኦሪጅናል ነው» ስትባሉ ቮልቱን አይታችሁ ነው መቀበል ያለባችሁ።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሸወድበት ልግባ። ሰርጅ የሚባለው እጅግ አጭር ነገር ነው፤ የሚለካው በሰከንድ ሚሊዮንኛ ነው። መከላከያዎቹ ከሚፈተኑባቸው ሞገዶች አንዱ በ8 ማይክሮሰከንድ ጣሪያ ደርሶ በ20 ማይክሮሰከንድ ወደ ግማሹ የሚወርድ ነው። ቫሪስተር የሚችለው ይህንን ነው። ኒውትራል ሽቦ ተበጥሶ 220 የነበረው 300 አልፎ ለደቂቃዎች ከቆየ ግን አይችለውም። ራሱ ይቃጠላል። ኃይሉ ወርዶ 150 ሲሆን ደግሞ ምንም አያደርግም። ለዚህ የሚያስፈልገው ሌላ ዕቃ ነው፤ ቮልቴጁ ከልክ ሲወጣ ወይም ሲወርድ ቆርጦ፣ ሲስተካከል ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚመልሰው። ለፍሪጅ ይህ የግድ ነው፤ ኮምፕረሰሩ ጠፍቶ ወዲያው ሲነሳ ይጎዳልና። ስታቢላይዘር ደግሞ የሚዋዥቀውን ቮልቴጅ ያስተካክላል፤ ዩፒኤስ ኃይል ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ያቆያል። እያንዳንዱ የራሱ ሥራ አለው። «ይሄ ሁሉንም ይሠራል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ የትኛው ክፍል ምን እንደሚሠራ ጠይቁት፤ መልስ ከሌለው ትታችሁት ሂዱ።

በነገራችን ላይ ከጎኑ ተደርድሮ የሚሸጠውን፣ ሲሰካ የመብራት ሂሳብ ይቀንሳል የሚባለውን ትንሽ ፕላግም አትግዙ። ብዙውን ጊዜ ውስጡ ካፓሲተርና ትንሽ መብራት ነው። ቤት ውስጥ የምንከፍለው ለተጠቀምነው ኪሎዋት ሰዓት ስለሆነ ሂሳቡን አይቀንስም።

እውነተኛ ሰርጅ ፕሮቴክተርም ዘላለም አይኖርም። ቫሪስተሩ ሰርጅ በዋጠ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ያልቃል። ካለቀ በኋላም ብዙ ጊዜ ሶኬቱ መሥራቱን ይቀጥላል፤ ቲቪው ይበራል፣ ቀዩ መብራት ይበራል፣ መከላከያ ግን የለም። ስለዚህ ከኃይል መብራቱ ለይቶ የመከላከያውን ሁኔታ የሚያሳይ ሁለተኛ መብራት ያለውን ግዙ። ሲያረጅ የሚግለውን ቫሪስተር የሚቆርጥ የሙቀት ፊውዝ መኖሩም ትልቅ ነገር ነው፤ ከሌለው እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ይህ ማስፈራራት አይደለም። በ2013 አሜሪካ ውስጥ ከ2003 በፊት የተመረቱ ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጉ የአንድ ታዋቂ ብራንድ ሰርጅ ፕሮቴክተሮች ከገበያ እንዲሰበሰቡ ተደርጓል፤ ምክንያቱም ከመጠን በላይ መጋልና መቅለጥ ነበር። ታዋቂ ስም ያለው ዕቃ ይህ ከደረሰበት፣ ስሙ የማይታወቀውን ዓመታት ሙሉ ከሶፋ ጀርባ ረስቶ መተው አያዋጣም።

«ዕቃችሁ ቢቃጠል እንከፍላለን» የሚለውን ዋስትናም ከመግዛታችሁ በፊት አንብቡ። ደረሰኝ፣ ራሱን መከላከያውንና የተቃጠለውን ዕቃ እንድታቀርቡ፣ ሁሉም ነገር በቀጥታ እሱ ላይ ተሰክቶ እንደነበር እንድታረጋግጡ የሚጠይቅ ሊሆን ይችላል። ደረሰኙን ከጣላችሁ ተስፋ አታድርጉ።

መብረቅ ሲሆን ንቀሉ። ቤቱን ወይም በአቅራቢያው ያለውን መስመር የመታ መብረቅን ሶኬት ላይ የሚሰካ ዕቃ አያቆመውም። የአንቴናውንና የኢንተርኔቱን ገመድም ጭምር ንቀሉ፤ ሰርጅ በእነሱም ይገባል። ካውያ፣ ሂተርና የውሃ ማፍያ ደግሞ በቀጥታ ግድግዳ ላይ ይሰኩ። 10 አምፒር በ220 ቮልት 2200 ዋት ብቻ ነው፤ ኤክስቴንሽን በኤክስቴንሽን ላይ መቀጠልም ይቅር።

ቀድሞ የገዛችሁትም ዛሬ ገልብጣችሁ ከስሩ ያለውን ጽሑፍ እዩት። የጁል ቁጥርና የመከላከያ መብራት ከሌለው ለሞባይል ቻርጀርና ለጠረጴዛ መብራት ይሁን፤ ቲቪውን ግን ከዚያ አንሱት። ፕላስቲኩ የጠቆረ፣ የሚሸት ወይም በእጅ ሲነካ የሚያቃጥል ከሆነ ለምንም አይሁን። ብሬከሩን አጥፉና ነቅላችሁ ጣሉት። ከመጣላችሁ በፊት ገመዱን ቁረጡት፣ ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይጠቀምበት።