በሐዋሳ የሚሸጡት ኔፔንተሶች፦ የፊተኛው መደርደሪያና የኋለኛው

በሐዋሳ አቶቴ አካባቢ ካሉት የአበባና የችግኝ መሸጫዎች አንዱ፣ ከጽጌረዳውና ከቡጌንቪሊያው ጎን ነፍሳትን አጥምደው የሚመገቡ ተክሎችን ማቅረብ ጀምሯል። ኔፔንተስ የሚባሉት እነዚህ የሐሩር ክልል ተክሎች ከቅጠላቸው ጫፍ ገንቦ የሚመስል፣ ክዳን ያለው ወጥመድ ያንጠለጥላሉ። አብዛኞቹ ዝርያዎች የቦርኒዮ፣ የሱማትራና የፊሊፒንስ ሲሆኑ፣ በአፍሪካ በኩል በተፈጥሮ የሚገኙት በማዳጋስካርና በሲሸልስ ደሴቶች ብቻ ነው። ስለዚህ እዚህ የሚሸጥ ማንኛውም ኔፔንተስ ወይ ራሱ ድንበር ተሻግሮ የመጣ ነው፣ ወይም ተሻግሮ ከመጣ ተክል የተባዛ ነው፤ መሸጫውን በዋናነት የመዘንሁትም በዚሁ ነው።

በፊተኛው መደርደሪያ ያለው ቬንትራታ የተባለው ድቅል ነው። በ2,500 ብር የገዛሁት ችግኝ ቅጠሉ ንጹሕና እኩል፣ ሥሩ ከኮኮናት ገለባና ፐርላይት ከሚባለው ቀላል ነጭ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቅይጥ ጋር በደንብ የተያያዘ ነበር። ባለሱቋ የሚያጠጡት ከቆርቆሮ ጣሪያ በበርሜል ያጠራቀሙትን የዝናብ ውኃ ነው፤ ማዕድን የበዛበት ውኃ ሥሩን ስለሚጎዳ ይህ ጥንቃቄ ተገቢ ነው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ምርጫ አላውቅም፤ የሐዋሳ ቀዝቀዝ ያለ ሌሊትም ለዚህ ድቅል ይስማማዋል።

ሰነድ ስጠይቅ ያለ ማቅማማት ፋይል አውጥተው ከላኪው አገር የተሰጠውን የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀትና የሳይተስ ፈቃድ አሳዩኝ። ሳይተስ በመጥፋት አደጋ ላይ ያሉ እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ የሚመራበት ስምምነት ነው፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ አባል ናት። መላው የኔፔንተስ ወገን በሁለተኛው አባሪ ተመዝግቧል፤ የቦርኒዮው ራጃህና የሕንዱ ካሲያና የተባሉት ዝርያዎች ግን ቁጥጥሩ እጅግ በሚጠብቅበት በአንደኛው አባሪ ይገኛሉ። በፈቃዱ ላይ በመጀመሪያ መታየት ያለበት የተክሉን ምንጭ የሚገልጸው የላቲን ፊደል ነው፦ «ኤ» ሰው ያባዛው ማለት ሲሆን፣ «ደብሊው» ከዱር የተወሰደ ማለት ነው። የተሰጠኝ ወረቀት «ኤ» ይላል። በላቦራቶሪ ተባዝተው ከጀርም በጸዳ ጠርሙስ ውስጥ እንዳሉ የሚጓጓዙ የሁለተኛው አባሪ ኔፔንተስ ችግኞች ከስምምነቱ ፈቃድ ነፃ ስለሆኑ፣ እንዲህ ያለውን የሚያመጣ ነጋዴ የሳይተስ ወረቀት ባይኖረው ወዲያው ሊጠረጠር አይገባም።

ቅሬታዬ በኋለኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከጥላ መረቡ ሥር ባለው ትልቅ ተክል ነው። ግንዱ እንጨት ሆኗል፤ ታችኛው ጫፉ በቢላ የተቆረጠ ሲሆን፣ ሥር ተብሎ የቀረው ጥቂት የተበጣጠሰ ክር ነው። አሮጌ ቅጠሎቹ በነፍሳት ተበልተዋል፤ ጀርባቸውም በድንጋይ ሽበት ተሸፍኗል። ረዳቱ «ከጫካ የመጣ ስለሆነ ጠንካራ ነው» ሲል አሞካሸው፤ በእኔ ግምት ላለመግዛት በቂ ምክንያት የሆነውም ይኸው ሙገሳ ነው። ወረቀቱን ስጠይቅ ያንኑ የቬንትራታ ፈቃድ አቀረበልኝ። የዝርያው ስም አይገጥምም፤ የተፈቀደው ቁጥርም የተሞላው በፊተኞቹ ችግኞች ነው።

ይህ የወረቀት ጣጣ ብቻ አይደለም። ለምሳሌ ክሊፔያታ የተባለው የኔፔንተስ ዝርያ በቦርኒዮ ደሴት የኢንዶኔዥያ ክፍል፣ በምዕራብ ካሊማንታን፣ ከሚገኘው ከኬላም ተራራ በስተቀር የትም አይበቅልም፤ ለከፋ የመጥፋት አደጋ ካጋለጡት ነገሮች አንዱም የሰብሳቢዎች ዘረፋ ነው። ብርቅዬዎቹ ተክሎች ቀስ ብለው ስለሚያድጉ አንድ ሰው ነቅሎ የወሰደውን ለመተካት ብዙ ዓመታት ያስፈልጋሉ፤ ሥራቸው ስስ በመሆኑም ከተነቀሉት ብዙዎቹ ገዢው ቤት ሳይላመዱ ይደርቃሉ። በርካሽ የቀረበ ትልቅና ብርቅ ኔፔንተስ ሲያጋጥም በችግኝ ጣቢያ ስንት ዓመት እንዳደገና ማን እንዳባዛው መጠየቅ ይገባል። ረዳቱ ሁለቱንም አልመለሰልኝም።

ባለሱቋ ግን ጉዳዩን ሲሰሙ ተክሉን ከሽያጭ እንደሚያነሱት ነግረውኛል፤ መነሣቱን በዓይኔ አላየሁም። ለቬንትራታው በጠየቅኋቸው መሠረት የተክሉን ስምና የፈቃዱን ቁጥር በደረሰኙ ላይ ጽፈው ማኅተም አድርገውበታል። በራሳቸው ተነሣሥተው ስለማያደርጉት፣ ከዚያ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ይህንኑ ቢጠይቅ መልካም ነው።