ካያክ ለመግዛት ካሰባችሁ መጀመሪያ የጎርጎራውን ጀልባ ጠጋኝ አማክሩ

ጎርጎራ ወደብ አጠገብ ጀልባ የሚጠግኑ አንድ አባት አሉ። ስማቸው እንዲጻፍ አልወደዱም፤ «ጀልባ ጠጋኙ ጋሼ» ብላችሁ ብትጠይቁ ግን የሚያሳያችሁ አታጡም። ምስጋናዬ ለእርሳቸው ነው።

ጣና ላይ በመንጠቆ ለማጥመድ የሚሆን ካያክ፣ ማለትም በመቅዘፊያ የሚነዳ ትንሽ ጀልባ፣ እፈልግ ነበር። አንድ ነጋዴ ረጅምና ጠባቡን «ፈጣን ነው» እያለ ሲያሞግስልኝ ሰነበተ። ጋሼ ፎቶግራፉን አዩና «ልጄ፣ ዓሣውን ልታጠምደው ነው ወይስ ልትሽቀዳደመው?» አሉኝ።

ለረጋ ውኃ ዋናው ነገር ወርድ ነው አሉ። ከ75 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ፣ ርዝመቱ ከ3 እስከ 3 ሜትር ተኩል የሆነ ካያክ ፍጥነት ባይኖረውም ዓሣ ለማንሳት ወደ ጎን ስታዘነብሉ በቀላሉ አይገለበጥም። እግር የሚሸፍነውን ዓይነት ጨርሶ አልወደዱትም፤ ውኃ ከገባ እዚያው ይጠራቀማል። ከላይ የሚቀመጡበት ግን ውኃ የሚያፈስሱ ቀዳዳዎች አሉት፤ ብትወድቁም ተመልሶ መውጣት ይቀላል። «የደንገል ታንኳስ ቢሆን? ሰው ከላይ ነው የሚቀመጥባት፤ ውኃውም በደንገሉ መሐል ይወርዳል» አሉኝ። ይህን ሳስብ ፋብሪካዎቹ አዲስ ነገር ፈጠርን ማለታቸው ያስቀኛል።

ስለ ጭነትም ጠንካራ ናቸው። ካያኩ ላይ የተጻፈው ክብደት ጣሪያው ስለሆነ ሲሶውን ያህል ተዉለት ይላሉ፤ ሰውና ዕቃ አንድ ላይ 95 ኪሎ ከሆኑ 140 የሚሸከም ይፈለጋል። በአየር የሚነፋውን ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ለማመላለስ ቀላል ስለሆነ ተመኝቼው ነበር። የአምባዛ ዓሣ የክንፍ እሾህ ሊበሳው እንደሚችል አስታወሱኝና ተውኩት።

ለምክሩ ሳንቲም አልተቀበሉም። የማጥመጃ ዘንግ መያዣውን ካያኩ ላይ ሲገጥሙልኝ ብቻ ተገቢውን ዋጋ ጠየቁ፤ ቀዳዳዎቹንም ውኃ እንዳያስገቡ በደንብ ደፍነውልኛል። ሥራቸው ዝግ ያለ ነው፤ የሚቸኩል ሰው ይበሳጭ ይሆናል።

ጠዋት ሂዱ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ ሰፊውም ካያክ ቢሆን አያስተማምንም፤ ያለ ላይፍ ጃኬት ደግሞ ውኃ ላይ አያስቀምጧችሁም። ክብደታችሁንና የምትጭኑትን ዕቃ አስቀድማችሁ አስቡበት፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እርሱን ነው።