የኮሌጅ ስፖርት ምልመላ አገልግሎት፦ ከ5 ኮከብ 2 ሰጥቼዋለሁ

የእህቴ ልጅ ሯጭ ናት። እዚሁ አሜሪካ ሃይስኩል ትማራለች፣ 800 እና 1600 ሜትር ትሮጣለች፣ ነርስ መሆን ነው ሐሳቧ። እናቷ ደግሞ ስኮላርሺፕ የሚለውን ነገር ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ የላትም። «ልጅዎን ከኮሌጅ አሰልጣኞች ጋር እናገናኛለን» ከሚሉት ድርጅቶች የአንዱን ጥቅል ገዛችላት። ከሺህ ዶላር በላይ ነው፣ በየወሩ እየተከፋፈለ የሚከፈል። ስሙን አልጠራም። ከልጅቷ ጋር ኮምፒውተር ላይ ተጥዶ ነገሩን ሁሉ የተከታተለው እኔ ስለሆንኩ አስተያየቱንም እኔው ልስጥ።

ገንዘቡ ምን ያመጣል? የራሷ ገጽ ይከፈትላታል፣ ቪዲዮ ይቀናበርላታል፣ ለአሰልጣኞች የሚላክ የተዘጋጀ ኢሜይል ይሰጣታል፣ በስልክ የምታገኘው አማካሪ ይመደብላታል፣ በመጨረሻም «ለአንቺ የሚስማሙ ኮሌጆች» የሚል ዝርዝር ይመጣል። ወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል።

ከቪዲዮው ልጀምር። ለቅርጫት ኳስ ወይም ለእግር ኳስ ተጫዋች ቪዲዮ ግድ ነው፣ አሰልጣኙ እንቅስቃሴዋን ማየት አለበት። ሯጭ ግን? የሯጭ ሲቪ ሰዓቷ ነው! አሰልጣኙ የሚፈልገው ስንት እንደገባች፣ የት እንደሮጠች፣ አምና ስንት እንደነበረች ብቻ ነው፤ ያንን ደግሞ የሃይስኩል ውድድር ውጤት ከሚወጣባቸው ድረ ገጾች በደቂቃ ውስጥ ያገኘዋል። እኛ የደረሰን በሙዚቃ የታጀበ፣ መጨረሻው መስመር ላይ ቀስ እያለ የሚሄድ ቪዲዮ ነው። አያቷ በጣም ወደዱት።

ቀጥሎ ያናደደኝ ነገር «አንድ አሰልጣኝ ገጽሽን አይቷል» የሚለው መልእክት ነው። በመጣ ቁጥር ቤቱ በደስታ ይሞላል። ማን እንዳየው፣ ለምን እንዳየው ግን አይታወቅም። በዚያ ላይ ልጅቷ ያኔ ገና 10ኛ ክፍል ነበረች። የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራውና ኮሌጆችን በሦስት ዲቪዥን የሚከፍለው ኤንሲኤኤ የሚባለው ማኅበር ለትራክና ለአገር አቋራጭ ግልጽ ደንብ አለው፤ የዲቪዥን 1 አሰልጣኝ ስለ ምልመላ ሊጽፍላት ወይም ሊደውልላት የሚችለው 10ኛ ክፍልን ከጨረሰች በኋላ ከጁን 15 ጀምሮ ነው። ኮሌጁ ወጪዋን ሸፍኖ የሚጋብዛት ጉብኝት ደግሞ 11ኛ ክፍል ከመግባቷ በፊት ካለው ኦገስት 1 ወዲህ ነው የሚፈቀደው። ከዚያ በፊት ሊልኩላት የሚችሉት የካምፕ ማስታወቂያና መጠይቅ የመሳሰለውን ነው። እና የካምፕ ማስታወቂያ ሲመጣ «ፈልገዋታል ማለት ነው» ብላችሁ እንዳትፈነድቁ፣ ካምፕ ገንዘብ ይከፈልበታል፣ ማስታወቂያው የሚላከው ለብዙ ልጅ ነው። አማካሪዋ ይህን በመጀመሪያው ስልክ ልትነግረን ይገባ ነበር። አልነገረችንም፤ እኔው ደንቡን አንብቤ ነው ያወቅኩት።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። «የሚስማሙ ኮሌጆች» የሚለው ዝርዝር በሰዓትና በጂፒኤ (በአማካይ የትምህርት ውጤት) ብቻ የተጣራ ነው። ሰዓቷ እዚህ ይመጥናል፣ ውጤቷ እዚህ ያስገባል፣ አለቀ። ሰው ግን አራት ዓመት ሙሉ የሚኖርበትን ቦታ እንደዚህ አይመርጥም። ነርሲንግ የሌላቸው ኮሌጆች ሁሉ ተሰድረው አገኘናቸው።

እህቴ ደግሞ ዲቪዥን 1 ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለች። አብዛኛው ወላጅ እንደዚያ ነው፣ ቁጥሩን እንደ ክፍል ደረጃ ያየዋል። እውነታው ሌላ ነው። ዲቪዥን 1 እና 2 የስፖርት ስኮላርሺፕ ይሰጣሉ፣ ዲቪዥን 3 ጭራሽ አይሰጥም፤ ግን በገቢ ወይም በትምህርት ውጤት የሚሰጥ እርዳታ ይሰጣል፣ አንዳንዴም ከዲቪዥን 1 ቁራጭ ስኮላርሺፕ ይበልጣል። ሃርቫርድና ዬል ያሉበት አይቪ ሊግ ዲቪዥን 1 ሆኖ የስፖርት ስኮላርሺፕ የለውም፣ የሚሰጠው በችግር መጠን የሚሰላ እርዳታ ነው። ከኤንሲኤኤ ውጭ ደግሞ ኤንኤአይኤ የሚባል ሌላ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር አለ፣ እሱም ስኮላርሺፕ ይሰጣል። የሁለት ዓመት ኮሌጆቹን የያዘው ኤንጄሲኤኤም አለ፤ እዚያ ገንዘቡን በመጀመሪያው ዲቪዥን በሙሉ፣ በሁለተኛው ለትምህርት ክፍያና ለመጽሐፍ የመሳሰለውን ብቻ መስጠት ይቻላል፣ በሦስተኛው የለም።

በሩጫ «ፉል ራይድ» የሚባለው፣ ወጪውን ሁሉ የሚሸፍነው ስኮላርሺፕ፣ ብርቅ ነው። እስከ 2025 ድረስ አንድ የዲቪዥን 1 ኮሌጅ ለሴቶች ትራክና አገር አቋራጭ በድምሩ የነበረው 18 ስኮላርሺፕ ነው፣ ለወንዶች 12.6። ያንን ለሯጩም ለዘላዩም ለወርዋሪውም አሰልጣኙ እየቆራረጠ ያከፋፍላል። በጁን 2025 ፍርድ ቤት ያጸደቀው፣ ኤንሲኤኤ ከከሰሱት ስፖርተኞች ጋር ያደረገው ስምምነት ነገሩን ቀየረው። ስምምነቱን የተቀበሉ ኮሌጆች የስኮላርሺፕ ቁጥር ገደብ ቀርቶላቸው በምትኩ የአባላት ቁጥር ተገደበባቸው፤ ለትራክ 45 ሰው፣ ለአገር አቋራጭ 17። አማካሪዋ ይህንን «ገደቡ ተነሳ፣ ገንዘብ በዛ» ብላ ነው የሸጠችልን። ገደቡ ተነሳ ማለት ግን ኮሌጁ በጀት መደበ ማለት አይደለም። በሌላ በኩል ቦታ ጠበበ፣ ያለ ስኮላርሺፕ ቡድን ውስጥ ገብታ ቀስ እያለች ለምታድግ ልጅ በሩ ጠቧል። አሰልጣኙን ስታገኙት «ስምምነቱ ውስጥ ገብታችኋል ወይ? ለመካከለኛ ርቀት ስንት ሰው ነው የምትይዙት?» ብላችሁ ፊት ለፊት ጠይቁት።

ታዲያ ኮሌጁን በምን መረጥን? በነጻ ነገር።

የኮሌጅ ሯጮች ውጤት የሚመዘገብበት ቲኤፍአርአርኤስ የሚባል ድረ ገጽ አለ። የፈለጋችሁትን ኮሌጅ ከፍታችሁ የእያንዳንዷን ሯጭ ሰዓት በየዓመቱ ማየት ትችላላችሁ። እኔና ልጅቷ ያደረግነው ይኸው ነው፤ የአንዱን ኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ሯጮች ያዝንና ሁለተኛ ዓመት ላይ ስንት ሮጡ፣ አራተኛ ዓመት ላይ የት ደረሱ እያልን ተከተልናቸው። ጉድ ነው የሚታየው። ሜዳው የሚያብረቀርቅ፣ መልበሻ ክፍሉ እንደ ሆቴል የሆነ ኮሌጅ አለ፤ ልጆቹ ሃይስኩል ላይ ከሮጡት ሰዓት ፈቀቅ ሳይሉ ያልቃሉ። ግማሾቹ ሦስተኛ ዓመት ላይ ስማቸው ይጠፋል። አንድ ሰው ቢጠፋ ተጎድቶ ይሆናል፣ ወይ ሩጫ ሰልችቶት ይሆናል። በየዓመቱ የሚጠፉ ከሆነ ግን ልምምዱ ወይም አሰልጣኙ ጋ ችግር አለ ብዬ ነው የምጠረጥረው። ከዝርዝሩ ግርጌ የነበረ፣ እህቴ ስሙን እንኳ ሰምታው የማታውቅ የዲቪዥን 2 ኮሌጅ ደግሞ ልጆቹ በየዓመቱ ሰዓታቸውን እያሻሻሉ ይወጣሉ። ልጅቷ ራሷ «ጋሼ፣ እዚህ እኮ ማንም አይጠፋም» አለችኝ። እኔ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ስም ስም ለሚሉ ወላጆች አንድ ነገር ልጨምር። ኤርትራ ተወልዳ አሜሪካ ሃይስኩል የጨረሰችው ወይኒ ከላቲ የሮጠችው ለኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ነው። ያ ኮሌጅ በሴቶች አገር አቋራጭ በ2015 እና በ2017 በቡድን አሸንፏል፣ እሷ ደግሞ በ2019 በግል አሸነፈች። ከተማው አልበከርኪ ከፍታ ላይ ነው፣ ለሯጭ ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ ሰው አይነገርም። እኛ ሰፈር ግን የኮሌጁን ስም የሚያነሳ ወላጅ አልገጠመኝም።

ትምህርቱንም በዚሁ መንገድ ፈተሽነው። የቡድኑ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ ከስም ጎን የምትማረው ነገር ይጻፋል። ነርሲንግ የምትማር ሯጭ አለች ወይ? ቡድኑ ውስጥ አንዲትም ከሌለች ምክንያቱን ጠይቁ። የነርሲንግ ተማሪ ሆስፒታል የምትሠራበት ሰዓት አለ፣ ከማለዳ ልምምድ ጋር ይጋጫል። አንዳንድ አሰልጣኝ ልምምዷን ለብቻዋ እንድትሠራ ያመቻችላታል፣ አንዳንዱ «ሌላ ሜጀር ብታስቢስ» ይላታል። የኤንሲኤኤ ደንብ በውድድር ወቅት ልምምድ በሳምንት ከ20 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል፣ ግን የውድድር ቀን የፈጀውን ቢፈጅ 3 ሰዓት ተብሎ ነው የሚቆጠረው፣ የአውቶቡስ ጉዞ ደግሞ ጭራሽ አይቆጠርም። ስለዚህ 20ውን ሰዓት አትመኑ፣ የልጆቹን ሳምንት ጠይቁ።

ለገንዘቡ የኮሌጁን ድረ ገጽ ክፈቱና የተጣራ ዋጋ ማስያውን ፈልጉ። የፌዴራል እርዳታ የሚቀበል ኮሌጅ ሁሉ እንዲያወጣው በሕግ ይገደዳል። ገቢያችሁን ስታስገቡ በግምት ከኪሳችሁ ስንት እንደሚወጣ ይነግራችኋል። «ኮሌጅ ስኮርካርድ» የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት ድረ ገጽ ደግሞ ስንቱ እንደሚመረቅ፣ በየትምህርት ዘርፉ ተመርቀው ስንት እንደሚያገኙ ያሳያል። ሁለቱም በነጻ ናቸው። እህቴ ፊቷ የተቀየረው እዚህ ላይ ነው፤ «በስኮላርሺፕ ትገባለች» የተባለው ዲቪዥን 1 ኮሌጅ ቁራጩ ስኮላርሺፕ ተቀንሶለት እንኳ፣ ምንም የስፖርት ገንዘብ ከማይሰጠው ዲቪዥን 3 ኮሌጅ በላይ ያስከፍል ነበር።

አሁን ፍትሕ ላድርግ። ሁለቱ ኮከብ የመጣው ከአንድ ነገር ነው። አማካሪዋ የልጅቷን ትራንስክሪፕት በደንብ አየችው። ዲቪዥን 1 ለመግባት በኤንሲኤኤ የታወቁ 16 ዋና ዋና ትምህርቶች ያስፈልጋሉ፣ በእነዚያ ቢያንስ 2.3 ጂፒኤ፣ ከ16ቱም 10ሩ 12ኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለባቸው። ለዲቪዥን 2 ጂፒኤው 2.2 ነው። ኤስኤቲ የሚባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና በ2023 ከመስፈርቱ ወጥቷል፣ ኮሌጁ ራሱ ግን ሊጠይቅ ይችላል። ልጅቷ የወሰደችው አንድ ትምህርት ከታወቁት ውስጥ እንዳልሆነ አማካሪዋ አይታ በጊዜ አስቀየረቻት። በተለይ ዘግይተው ከአገር ቤት የመጡ ልጆች ላይ ይህ ያሰጋል፤ ለጀማሪ የሚሰጠው የእንግሊዝኛ ትምህርት ብዙ ጊዜ አይቆጠርም፣ የአገር ቤቱ ትራንስክሪፕት ደግሞ ዋናውና የተረጋገጠ ትርጉሙ ይፈለጋል። የሃይስኩላችሁ የታወቁ ትምህርቶች ዝርዝር ኤንሲኤኤ ድረ ገጽ ላይ አለ። ያው እሱም በነጻ ነው፣ ግን ያየችው እሷ ናት፣ እና ኮከቡ ይገባታል።

ተማሪ ቪዛ ላይ ላሉት አንድ ማሳሰቢያ፦ ድርጅቱ በስምና በምስል የሚገኝ ገንዘብ (ስፖርተኛ ስሟንና ምስሏን ለማስታወቂያ ሰጥታ የምታገኘው) እያለ የሚያወራው ኤፍ-1 ቪዛ ላይ ላለ ልጅ ችግር ያመጣል፣ የሥራ ገደቡ አለ። የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳታማክሩ ምንም እንዳትፈርሙ።

ጉብኝቱን አገልግሎቱ ራሱ አያዘጋጅም፣ «እንዲጋብዙሽ ጠይቂ» ይላል እንጂ። እዚያ ስትሄዱ ከአሰልጣኙ ይልቅ ሯጮቹን ለብቻ አግኟቸው። እግሯ የተሰበረችውን ልጅ ፈልጉና ምን እንደገጠማት ጠይቋት፤ ማን አሳከማት፣ ማን ደወለላት፣ ስኮላርሺፗስ? ከኦገስት 2024 ጀምሮ የዲቪዥን 1 ኮሌጆች በስፖርቱ ለመጣ ጉዳት ከተመረቀች በኋላም ቢያንስ ለ2 ዓመት የሕክምና ወጪ የመሸፈን ግዴታ አለባቸው፣ በሌሎቹ ዲቪዥኖች ምን እንዳለ ግን ኮሌጁን ነው የምትጠይቁት። ስኮላርሺፑ ለአንድ ዓመት ነው ወይስ ለአራት የሚለውንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ድሮ የነበረው ብሔራዊ የፊርማ ደብዳቤ በ2024 ቀርቷል፣ አሁን የሚፈረመው የገንዘብ እርዳታ ውል ነው፣ ስለዚህ የሚያስይዘው እዚያ ላይ የተጻፈው ነው። አሰልጣኝ በስልክ የሰጠው ተስፋ አይቆጠርም።

አሰልጣኞች ይለቃሉ። ዛሬ ቤታችሁ ድረስ መጥቶ ቡና የጠጣው ሰውዬ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ኮሌጅ ሊሆን ይችላል። ልጅቷን «እሱ ቢሄድ፣ መሮጥም ብታቆሚ፣ እዚያ ትማሪያለሽ ወይ?» ብዬ ጠየቅኳት። ከዝርዝሩ ብዙዎቹ እዚያው ላይ ወደቁ።

ማን ይግዛው? የቡድን ስፖርት የሚጫወት፣ ቤት ውስጥ ኢሜይል የሚጽፍለትና ትራንስክሪፕት የሚያይለት ሰው የሌለው ልጅ ምናልባት ይጠቀምበታል፣ እሱም ርካሹን ጥቅል። ሯጭ፣ ዋናተኛ፣ በሰዓትና በሜትር የሚለካ ስፖርት ያለው ሰው ገንዘቡን ለጉብኝት ትራንስፖርት ቢያውለው ይሻለዋል። የምትገዙም ከሆነ ውሉ ላይ ስለ መሰረዝ የተጻፈውን ቀድማችሁ አንብቡ። የእኛ «በማንኛውም ጊዜ» ይላል፣ ከታች በትንሹ ደግሞ የቀረው ክፍያ አይቀርም ይላል፣ እህቴ አሁንም በየወሩ እየከፈለች ነው።