የቪክቶሪያ ዘመን የላምባ መብራት፦ አሮጌው ይሻላል ወይስ ኮፒው?

እዚህ ለንደን ቤቴ የመጣ ሁሉ ሳሎን ያለውን የላምባ መብራት አይቶ አንድ ነገር ይጠይቀኛል፦ «አዲሱን በርካሽ ብገዛስ?» አትግዙ። እኔ ገዝቼ አይቼዋለሁ።

ከአንድ ነጋዴ «የ1880ዎቹ ነው» ተብዬ 85 ፓውንድ ከፈልኩ። ቤት ገብቼ ማግኔት ሳስጠጋው ልጥፍ አለ። ናስ ቢሆን ማግኔት አይዘውም ነበር፤ ለካ ናስ የተቀባ ብረት ነው። በዓመቱ ቅቡ ተላጠ። ብርጭቆው ሲሰበርማ በልኩ ምትክ የትም አጣሁ።

አሁን ያለኝን ኦሪጅናል ኬምፕተን የፈረስ መሮጫ ከሚቆመው የማክሰኞ ገበያ ገዛሁት። ከብርጭቆው ውጭ የሚደፋው ቆብ ስላልነበረው 60 ፓውንድ ብቻ። ብርጭቆ 12፣ ክር 6፣ አዲስ ነጭ የመስተዋት ቆብ 35፤ ድምሩ 113። ከኮፒው በ28 ፓውንድ በለጠ። ግን የበርሚንግሃሙ ጄምስ ሂንክስ በ1865 ፓተንት ያወጣበት፣ ሁለት ጠፍጣፋ ክር ጎን ለጎን የሚነድበት ዓይነት ነው። ግርጌው 64 ሚሊ ሜትር የሆነ ብርጭቆ ዛሬም ይመረትለታል። የዚያን ዘመን ቀይ ቆብ ካማራችሁ ግን ኪሳችሁን አዘጋጁ፤ ቀለሙ የሚወጣው በወርቅ ነው፣ ቆቡ ብቻውን ከመብራቱ ሊበልጥ ይችላል።

ጌጡንም እዩ። በብዛት የምታገኙት እግሩ እንደ ቆሮንቶስ ዓምድ፣ ማለትም ራሱ ላይ ቅጠል እንደተቀረጸበት የጥንት ግሪክ ዓምድ፣ የተሠራው ነው፤ ዋጋውም ይቀላል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ አርክቴክት ፑጂን ይወደው የነበረው ሹል የጎቲክ ቅስት ያለበት ግን ዋጋው ይወደዳል። ወፍና ቀርከሃ ካያችሁ የጃፓን ተጽዕኖ ነው፤ የጃፓን ዕቃ በ1862ቱ የለንደን ኤግዚቢሽን ከታየ በኋላ ብዙ ሰው ወደደው። የዓምዱን ቅጠሎች በጣት ዳስሱ። ኮፒው ከአሮጌው ላይ በቅርጽ ስለሚገለበጥ ቅጠሉ ይደንዛል፣ ጠርዙ አይለይም።

ላምባው የሚሞላበት ቋት ቢወዛወዝ አትደንግጡ። የያዘው ጄሶ ረግፎ ነው። አሮጌውን ጄሶ ጠርጎ አዲስ መሙላት ነው፤ እኔ ራሴ ሠርቼዋለሁ። ሱፐር ግሉ ግን አታስነኩት፣ ኋላ መፍታት አይቻልም። የኤሌክትሪክ ሽቦ ለማሳለፍ ቋቱ የተበሳውን ደግሞ በነፃ ቢሰጧችሁም ተዉት። አምፖል ከፈለጋችሁ ሳይበሱ ክሩ ቦታ ላይ የሚገጠም ማቀፊያ ይሸጣል። ስትገዙ ቆቡን አስወልቁና ቋቱን ነቅንቁት፤ ከተወዛወዘ 10 ፓውንድ አስቀንሱ።