ለደሙ አምስት ኮከብ፣ ለሰውየው ሁለት

ለገሃርና ስታዲየም መሃል ካሉት የግል ላብራቶሪዎች ስለ አንዱ ልጻፍ። ስሙን አልጠራም። የምወቅሰው ነገር ስላለኝ ሠራተኞቹን ማሳጣት አልፈለግኩም። «ታዲያ ስሙን ካልነገርሽን ምን ይረባናል?» የምትሉ አትጠፉም። ይረባችኋል። ሜክሲኮ ሂዱ፣ ፒያሳ ሂዱ፣ ካዛንቺስ ሂዱ፣ ደም ስትሰጡ ዓይናችሁን መጣል ያለባችሁ ቦታ ያው አንድ ነው፤ እሱን ነው የምነግራችሁ።

ለምን ሄድን? ታናሽ ወንድሜ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ነው፣ ከድሮም ቀጭን ነው። ባለፈው ክረምት ሱሪ ሁሉ ይሰፋው ጀመር፣ ውሃ በጆግ ይገለብጣል፣ ሌሊቱን ሽንት ቤት ሲመላለስ ያድራል። ስኳር ነው ተባለ። ኪኒን ታዘዘለት፣ ኪኒኑ ግን ጠብ የሚል ነገር አላመጣም። ሌላ ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። እሷ ከላይ እስከ ታች አየችውና «ይሄን ልጅ ዝም ብለን ዓይነት 2 ልንለው አንችልም» አለች፤ ዓይነት 2 በብዛት አዋቂዎችን የሚይዘው የተለመደው ስኳር ነው። ወረቀቱ ላይ ፋስቲንግ ማለትም ሳይበሉ የሚለካውን ስኳር፣ የሦስት ወሩን ስኳር ማለትም ኤዋንሲ፣ ሲ-ፔፕታይድ፣ ከዚያ ደግሞ ጋድ አንቲቦዲ የሚባል ነገር ጻፈችልን። የመጀመሪያዎቹን ሁለት የትም ታገኛላችሁ፣ የኋለኞቹን ግን የሚሠራ መኖሩን ጠይቃችሁ ሂዱ ብላ አሰናበተችን።

ስለ ቤቱ ብዙ አልልም። ሪሴፕሽኑ ያብለጨልጫል፣ ሶፋው ምቹ ነው፣ ቲቪው ድምፁ ተዘግቶ ዜና ያሳያል። የቡና ማሽን ደግሞ ወረፋ መጠበቂያው ፊት ለፊት ገትረዋል፤ ከማታ ጀምሮ ምንም ያልቀመሰ ሰው አፍንጫ ሥር ቡና ማፍላት የማን ሐሳብ እንደሆነ እንጃ። እስከ 9 ሰዓት መጾም የለመድን ሰዎች ባንሆን ግማሹ ወረፋ እዚያው ይሸነፍ ነበር። ክፍያ በቴሌብር ይሆናል፣ ጥሩ ነው። የማይጥመው ዋጋው ተቆራርሶ የሚነገር መሆኑ ነው። መጀመሪያ የአንዱን ይነግሯችኋል፣ ካርድ ካወጣችሁ በኋላ «ይሄኛው ወደ ውጭ ስለሚላክ የመላኪያ አለው» ይመጣል። ስልክ ስትደውሉ «ሁሉም ተደምሮ፣ መላኪያውም ገብቶ ስንት?» በሉ። ቁጥሩን እዚህ የማልጽፈው እናንተ እስክትሄዱ ስለሚቀየር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ደም መቅጃ ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ከሪሴፕሽኑ ጋር ሲተያይ እንደውም የሌላ ቤት ትመስላለች። አንዲት መነጽር ያደረገች ባለሙያ ተቀበለችን። ወንድሜ ገና ሳይቀመጥ ጥያቄውን አዥጎደጎደችው። ማታ ስንት ሰዓት ነው የበላኸው? ከዚያ ወዲህ ከውሃ ሌላ የቀመስከው አለ? ማስቲካስ? ጫትስ? በቅርብ ጊዜ ደም ተሰጥቶህ ያውቃል? የደም ማነስ አለ ተብለህ ታውቃለህ? ኢንሱሊን ጀምረሃል ወይ? እሱ «ለአንድ መርፌ ይሄ ሁሉ?» ብሎ ሳቀ። «ወንድሜ፣ መርፌውማ ቀላሉ ነው» አለችው።

ላስቲኩን አሰረች፣ በአንድ ጊዜ አገኘችው፣ ቲዩቦቹን አከታትላ ሞላች። ከዚህ በኋላ ያደረገችውን ልብ ብዬ አየሁት። ግራጫ ክዳን ያለውን ቲዩብ ሳትንጠው ቀስ እያለች ገለባበጠችው፣ ስምና ቁጥሩን እዚያው ፊታችን ለጠፈች፣ ወንድሜን «ስምህን አንብብልኝ» አለችው፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አይታ ደም የተቀዳበትን ሰዓትና ደቂቃ ጻፈች። ከዚያ ቀጣዩን ሰው ከመጥራቷ በፊት ቲዩቦቹን በመስኮቷ አሻግራ ሰጠችና «የዚህ ስኳር ነው፣ አሁኑኑ ይግባ» አለች። ደሙን አሽከርክሮ ፈሳሹን ከሴሎቹ የሚለየው ማሽን ድምፅ ሲጀምር እኛ ገና ጥጥ ይዘን ነበር።

ይሄ ለምን አስደሰተሽ ትሉ ይሆናል። ከክንዳችን የወጣ ደም ሕይወት አለው። ቲዩቡ ውስጥ ያሉት ሴሎች መብላታቸውን አያቆሙም፣ የሚበሉት ደግሞ ሊለካ የመጣውን ስኳር ነው። ደሙ ፕላዝማው ማለትም ፈሳሹ ሳይለይ በክፍል ሙቀት ከተቀመጠ በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ የሚሆነው ስኳር ይጠፋል። ስሌቱን ራሳችሁ ሥሩት። ሳይበሉ የተለካ ስኳር በስኳር በሽታ ደረጃ የሚመደበው 126 ሚሊግራም በዴሲሊትርና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው፤ 130 ይዞ የገባ ሰው ቲዩቡ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሰዓት ከተረሳ ከ126 በታች ሆኖ ይወጣል፣ ሰውየውም «ተመስገን» ብሎ ቀጥታ ኬክ ቤት ይገባል። ግራጫው ቲዩብ ውስጥ ያለው ሶዲየም ፍሎራይድ ይሄን ለማስቆም የተጨመረ ነው፣ ግን ወዲያው አይሠራም። የሚይዘው ስኳሩ የሚሰባበርበት ሂደት መጨረሻ አካባቢ ያለውን ኢንዛይም ስለሆነ የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ሰዓት ሴሎቹ መብላታቸውን ይቀጥላሉ። ስለዚህ ወሳኙ ፍጥነት ነው። ማሽኑ ከጀርመን ይምጣ ከጃፓን፣ ቲዩቡ ቅርጫት ውስጥ ተደርድሮ ወረፋ እስኪያልቅ የሚጠብቅበት ቤት ከሆነ ቁጥሩን አልቀበልም።

ደም ተሰጥቶህ ያውቃል ያለችውም ለወሬ አልነበረም። ኤዋንሲ የሚለካው ቀይ የደም ሴል ውስጥ ሄሞግሎቢን ላይ የተጣበቀውን ስኳር ነው። ሴሉ 120 ቀን ያህል ስለሚኖር የሁለት ሦስት ወሩን ታሪክ ይዞ ይዞራል። ትናንት የሌላ ሰው ደም ከገባባችሁ ግን የምታነቡት የሌላ ሰው ታሪክ ተቀላቅሎበት ነው። የአይረን እጥረት ያለበት ሰው ደግሞ ኤዋንሲው ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። ይሄን ጥያቄ ሌላ ቦታ ጠይቀውን አያውቁም። ለዚህች ሴት አምስት ኮከብ፣ ቢኖር ስድስት።

ሲ-ፔፕታይዱ እዚያው ይሠራል፣ በማግስቱ ደረሰልን። ነገሩ እንዲህ ነው። ቆሽት ውስጥ ላንገርሃንስ የሚባሉ ጥቃቅን የሴል ደሴቶች አሉ፣ የቆሽቱን 1 ወይም 2 በመቶ ቢሆኑ ነው። እዚያ ያሉት ቤታ ሴሎች ኢንሱሊንን ሲሠሩ መጀመሪያ አንድ ረጅም ነገር ይሠሩና ይቆርጡታል፤ አንዱ ቁራጭ ኢንሱሊን ይሆናል፣ ሌላው ሲ-ፔፕታይድ። እኩል በእኩል ነው የሚወጡት። በመርፌ የሚሰጠው ኢንሱሊን ውስጥ ሲ-ፔፕታይድ ስለሌለ፣ መርፌ የጀመረ ሰው እንኳ የራሱ ቆሽት ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ በዚህ ይታወቃል። የወንድሜ ስኳር ከፍ ብሎ ሳለ ሲ-ፔፕታይዱ ዝቅ ብሎ ነው የመጣው። ስኳሩ ከፍ ሲል ቆሽቱ ሊያመርት ይገባ ነበር፣ አላመረተም።

ጋድ አንቲቦዲው ነው ወደ ውጭ የሚላከው። ይሄ ሰውነት በገዛ ቆሽቱ ላይ ያወጣውን አንቲቦዲ፣ ማለትም የመከላከያ ፕሮቲን፣ እየፈለገ ቤታ ሴሎቹን ያጠፋቸው የራሱ ሰውነት ይሁን አይሁን ለመገመት የሚረዳ ምርመራ ነው። ዓይነት 1 ስኳር ማለት ቲ ሴል የሚባሉት የሰውነት ዘበኞች የቤቱን ባለቤት ሌባ ነህ ብለው ሲደበድቡት ነው። ዘበኞቹን የሚያረጋጉ ሌሎች ቲ ሴሎች አሉ። እነሱን ያገኙትና ሥራቸውን የገለጡት ሺሞን ሳካጉቺ፣ ሜሪ ብሩንኮውና ፍሬድ ራምስዴል እ.ኤ.አ. በ2025 የሕክምና ኖቤል ያገኙት በዚሁ ነው። እነዚህን አረጋጊ ሴሎች የሚያዝዘው ፎክስፒ3 የሚባለው ጂን ተበላሽቶ የሚወለዱ ሕፃናት አሉ፤ ብዙዎቹን ገና በጨቅላነታቸው ዓይነት 1 ስኳር ይይዛቸዋል። ሶፋው ላይ ተቀምጠን ወረፋ ስንጠብቅ ወንድሜ ይሄን ከስልኩ ሲያነብልኝ አጠገባችን የነበሩ እናት «እና የገዛ ሰውነቱ ነው የበላው በለኛ ልጄ» አሉት። ከዚህ ያጠረ ማብራሪያ አልሰማሁም።

ለምን ወደ ውጭ እንደሚላክ ስጠይቅ «ጠያቂው ጥቂት ስለሆነ ኪቱ ጊዜው ያልፍበታል» አሉኝ። ገባኝ፣ ግን አልተዋጠልኝም። አለርት ግቢ ያለው አርማወር ሐንሰን እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የሥጋ ደዌን ኢሚዩኖሎጂ፣ ማለትም ሰውነት በሽታውን እንዴት እንደሚከላከል፣ ሲያጠና የኖረ ተቋም ነው፤ በዚህ ከተማ ለአንድ አንቲቦዲ አውሮፕላን መሳፈር መቅረት ነበረበት።

ውጤቱ ሲመጣ ነው ቆሽቴ ያረረው። ቃል ከገቡልን ቀን ዘግይቶ መጣ፣ ይሁን። በቴሌግራም እልክላችኋለሁ ያለችው ልጅ ረስታው እኛው ሄደን ወሰድነው፣ ይሄም ይሁን። ሪሴፕሽን ላይ ያለው ጎረምሳ ወረቀቱን ገልጦ አየና ፈገግ ብሎ «ኔጌቲቭ ነው፣ እንኳን ደስ አለህ!» አለው። ወንድሜ ደስታውን መያዝ አቃተው። ደረጃውን ሲወርድ ኪኒኑንም ማቆም እንደሚችል እየነገረኝ ነበር። ከጋዱ ፊት ያለው «አስተያየት» የሚለው ሳጥን ባዶ ነው። የሚደወልለት ሐኪም ስም የለም። ሲ-ፔፕታይዱ ወርዶ ጋዱ ኔጌቲቭ ከሆነ ይሄ ልጅ ኢንሱሊን ሊያስፈልገው እንደሚችል የሚናገር አንድ መስመር የትም አልተጻፈም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ወጣት ይሄንኑ ወረቀት ይዞ ይወጣል። ጋድ ኔጌቲቭ መሆን አፍሪካ ውስጥ «ስኳርህ ቀላል ነው» ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 በካሜሩን፣ በዩጋንዳና በደቡብ አፍሪካ ዓይነት 1 ተብለው ይታከሙ የነበሩ 894 ልጆችና ወጣቶች የታዩበት ጥናት ወጥቶ ነበር፤ 65 በመቶ ያህሉ ላይ የተለመዱት አንቲቦዲዎች አልተገኙም። አንቲቦዲው የለም፣ ቆሽቱም በቂ ኢንሱሊን አያወጣም። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የስኳር ፌዴሬሽን ከልጅነት የምግብ እጥረት ጋር ለተያያዘው ስኳር «ዓይነት 5» ብሎ እውቅና ሰጥቶታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 የስኳር ዓይነቶች መዝገቡ ውስጥ አስገብቶት እ.ኤ.አ. በ1999 መልሶ ያወጣው ዓይነት ነው። ቀጭን፣ ወጣት፣ ኢንሱሊን ያነሰው ሰው ማለት ነው፤ እኛ አገር ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ የማይታይ ፊት አይደለም። ሐኪሟም የወንድሜን ዓይነት ገና አልወሰነችም። ኢንሱሊኑን ግን ያኔውኑ አስጀመረችው።

ሌላው ነገር «ኖርማል» የሚለው ዓምድ ነው። ከየት አመጣችሁት ብዬ ስጠይቅ ከማሽኑ አምራች መመሪያ ነው አሉኝ። ብዙ ቤት እንደዚያ ነው፣ አልፈርድም፣ ግን ማወቁ አይከፋም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እዚሁ አዲስ አበባ የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ጤነኛ ኢትዮጵያውያንን ሲለካ ሲዲ4 የሚባለው የበሽታ መከላከያ ሴላቸው ቁጥር ከአውሮፓውያኑ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ሰዎቹ ምንም አልሆኑም፣ ጤነኞች ናቸው። ቁጥራችሁ ከዓምዱ ትንሽ ዝቅ ስላለ ሌሊቱን እንቅልፍ አትጡ፣ ትንሽ ከፍ ስላለም ሰው አታስደንግጡ፤ ወረቀቱን ያዘዘው ሐኪም ያንብበው።

ቅሬታዬን ለኃላፊዋ ነግሬያታለሁ። አክብራ ሰማችኝ፣ ጻፈችው፣ «የሪሴፕሽን ልጆች ውጤት እንዳያነቡ እናደርጋለን» አለች። ጥሩ ነው፣ ግን ግማሹ ነው። የሚያነብ ሰው ይቅጠሩ። ለዚያ ቡና ማሽን የወጣው ብር ለአንድ ሐኪም የሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን ሳይበቃ አይቀርም።

ትሄዱ እንደሆነ እንዲህ አድርጉ። ለፋስቲንግ፣ ለኤዋንሲና ለሲ-ፔፕታይድ ያለ ስጋት ሂዱ። ፋስቲንጉንና ሲ-ፔፕታይዱን በአንድ መርፌ ይቅዱላችሁ፣ ሲ-ፔፕታይድ በሰዓቱ ከነበረው ስኳር ጋር ካልታየ ትርጉሙ ይጎድላል። ጋዱን ከማዘዛችሁ በፊት ሐኪማችሁን «ኔጌቲቭ ቢሆን ሕክምናው ይቀየራል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ አይቀየርም ካለ ብራችሁን ለመለኪያ ስትሪፕ አውሉት። «እህቱ ስለሆንሽ አንቺም ብትሠሪው» የሚል ማባበያም አለ። በቤተሰብ የሚደረግ የአንቲቦዲ ምርመራ በሐኪም ምክር ሲሆን ጥቅም አለው፣ ከሪሴፕሽን ሲመጣ ግን ሽያጭ ነው፤ አልተሠራሁም።

ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ይከፍታሉ። ቀድማችሁ ድረሱ፣ ቅዳሜ ግን አትሞክሩት፣ ወረፋው ደረጃው ላይ ይደርሳል። ባለመነጽሯን ካጣችኋት ቲዩቡ ላይ ሰዓት እንዲጻፍ እናንተው ጠይቁ።