የፒያሳው ጋቢ ሱቅ፦ ጋቢው ጥሩ ነው፣ አሻሻጡ ይበልጥ ያስተምራል

ደሴ ፒያሳ ካሉት የባህል ልብስ ሱቆች አንዱ ነው። ስሙን ያልጻፍነው ጎረቤቶቹም ከሞላ ጎደል እንደዚሁ ስለሚሸጡ ነው። ጋቢ፣ ቡሉኮ፣ ኩታና ነጠላ አለው፤ ዕቃው አያሳፍርም። ጋቢው በትክክል አራት ድርብ ነው፤ ጠርዙን በጣት ፈልቀቅ አድርጎ መቁጠር ይቻላል። ማጉ (አግድም የሚገባው ክር) የእጅ ፈትል ስለሆነ ወደ ብርሃን ሲያነሱት ክሩ እዚህ ወፈር፣ እዚያ ቀጠን ብሎ ይታያል። ዳር እስከ ዳር ልሙጥ የሆነ ክር የፋብሪካ ነው፤ የእጅ ፈትል ዋጋ አይከፈልበትም። ጨርቁን አሸት አሸት ሲያደርጉት እጅ ላይ ነጭ ብናኝ ከቀረ ደግሞ ውፍረቱ የስታርች ነው፤ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ይሳሳል።

ቁም ነገሩ ግን ሻጩ ዘንድ ነው።

ገዢ "ጋቢ ፈልጌ ነበር" ሲል መጀመሪያ የሚወርደው ጋቢ አይደለም፤ ከላይኛው መደርደሪያ ያለው ጥልፍ ያለበት ቡሉኮ ነው። 7,500 ብር ይጠራል። ይገዛዋል ብሎ የሚጠብቅ የለም፤ የቡሉኮው ሥራ ቁጥሩን ጆሮ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ጋቢው ቀጥሎ 4,500 ሲባል "ይሄስ ደህና ነው" ያሰኛል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን በ1974 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ይህንኑ አሳይተዋል። ሰዎች ፊት የቁጥር መንኮራኩር አሽከረከሩ፤ የሚቆመው 10 ወይም 65 ላይ ነበር። ከዚያ ከተባበሩት መንግሥታት አባላት ስንት በመቶው የአፍሪካ አገሮች እንደሆኑ ጠየቁ። 10 የወጣላቸው ሰዎች መካከለኛ ግምት 25፣ 65 የወጣላቸው ደግሞ 45 ሆነ። መንኮራኩሩ ስለ አፍሪካ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ግምቱን ግን ጎተተው።

እኛ አገር መድኃኒት ተብሎ የሚመከረው "የጠራውን ግማሽ በል" ነው። አይሠራም። ግማሹን የሚል ሰው ቁጥሩን የሚያወጣለት አሁንም ሻጩ ነው፤ ይህን የሚያውቅ ነጋዴ እጥፍ አድርጎ ይጠራል። የሚሠራው ሁለት ሌላ ሱቅ ጠይቆ፣ የራስን ጣሪያ ስልክ ላይ ጽፎ መግባት ነው። ከዚያ 7,500 ቢባልም 9,000 ቢባልም የሚነገረው የተጻፈው ቁጥር ነው።

ቀጥሎ ጋቢው ትከሻ ላይ ይጣላል። ከደሴ በላይ ያለው የጦሳ ተራራ ብርድ ለሻጩ ያግዛል፤ አንዴ የሞቀው ትከሻ ማውለቅ አይወድም። ዋጋ እየተከራከሩ ጋቢ አለመልበስ ነው። ቡናም ይመጣል፤ እሱን ግን ይጠጡ። ወሎ ላይ ቡና ቀድሞም ለእንግዳ የሚቀርብ ነው፣ ማጥመጃ ብቻ ማለት ግፍ ይሆናል። ውለታው ከባድ መስሎ ከታየ በምስጋናና በምርቃት ይመለሳል፤ 3,000 ብር አያወጣም።

ይህን ሱቅ ከሌሎቹ የሚለየው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ እንከኑን ራሱ ቀድሞ ያሳያል፦ "እዚህ ጋ ስፌቱ ትንሽ ተጣሟል፣ ይዩት።" ትንሽ እንከን የነገረን ሰው ስለ ቀረውም እውነት እንደሚናገር እንገምታለን። ሁለተኛ፣ "ካልወደዱት ይተዉት እንግዲህ፣ ገበያው የእርስዎ ነው" ይላል። ቀላል ትመስላለች። ተመራማሪዎቹ ጌገን እና ፓስኳል በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ፈረንሳይ ውስጥ መንገደኛን ለአውቶቡስ ሳንቲም ሲለምኑ እሺ ያለው 10 በመቶ ነበር፤ "ለመስጠትም ለመከልከልም ነፃ ነዎት" የምትል ሐረግ ሲጨመር 47.5 በመቶ ደረሰ። ሻጭ የሆናችሁ ልብ በሉ፦ ቃሉን ብላችሁ በር ላይ ከቆማችሁ ይገለበጣል። እዚህ ሱቅ ያለው ሻጭ ተናግሮ ወደ መደርደሪያው ይዞራል፣ ጨርቅ ያጣጥፋል።

አሁን ወደሚያስቀይመው። "የመጨረሻዋ ናት፣ ወላሂ!" ይላል፣ ከኋላው ግን ከአንድ ቁልል የማያንስ ተመሳሳይ ጋቢ ይታያል። ለቁልል መማል ያን ሁሉ የእንከን ሐቀኝነት በአንድ አፍ ያፈርሰዋል። ከዚያ የባሰው በ3,200 ከተስማሙ በኋላ "የጠርዙ ስፌት 300 ነው" መባሉ ነው። ይህ ስህተት አይደለም፣ ስልት ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ቻልዲኒና ባልደረቦቹ ተማሪዎችን ለአንድ ጥናት ሲጋብዙ ሰዓቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት መሆኑን አስቀድመው ከነገሯቸው እሺ ያሉት 31 በመቶ ነበሩ። መጀመሪያ እሺ አስብለው ሰዓቱን በኋላ ሲነግሩ 56 በመቶ ሆኑ። እሺ ያለ ሰው ከእሺው መውረድ ይከብደዋል።

መከላከያው ከመስማማት በፊት "ስፌቱ፣ ጠርዙ፣ ሁሉም ተጠቃሎ መጨረሻው ስንት ነው?" ብሎ መጠየቅ ነው። ሳይጠየቅ ቀርቶ ጭማሪ ከመጣ ደግሞ 300ውን መከራከር ሳይሆን ጋቢውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ዋጋውን ከመጀመሪያው መጀመር ነው። ብዙውን ጊዜ ጭማሪው እዚያው ይረሳል።

ሰኞ የገበያ ቀን ስለሆነ ይጨናነቃል፤ ጋቢ ወደ ብርሃን ይዞ ለማየት ሌላ ቀን ይሻላል። ለጋቢው ከ10 ስምንት፣ ለአሻሻጡ ሰባት፤ መሐላው ባይኖር ዘጠኝ ነበር። ያልታጠበ ጋቢ በሳምንት ውስጥ ይቀይራሉ። ከሚናገሩት ሁሉ በላይ ገዢ የሚያሳምነው ይህ ሆኖ ሳለ፣ ካልተጠየቁ አይናገሩትም።